ስላልኖርነው ሕይወት

ባለፈው የልደት በዓል ሰሞን የቁምስናችን ወጣቶች በአዳራሹ አንድ የአሜሪካ ፊልም ለምእመናን አሳይተው ነበር። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ የቀረበውና «ዘ ፋሚሊ ማን»፥ ማለትም «የቤተሰብ ሰው» የተሰኘው ነው። ወጣቶቹ በየመካከሉ እያቆሙ ንግግሩን በአማርኛ ሲያስረዱ ቆዩ፤ ሲያበቃም ብዙዎች አጨበጨቡ፥ አንዳንዶችም ዓይናቸውን ሲያብሱ አየን። በዚህ መካከል ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፥ «ቆዩ እስቲ ልጆቼ፤ እነዚያ ሁለት ሕፃናትስ የት ገቡ?» ሲሉ ጠየቁ። ሳቅ ሆነ፤ መልስ ግን አልተገኘም። ወደ ቤታችን ስንመለስ ከፊልሙ ይልቅ የእናቲቱ ጥያቄ ተከትሎን ሄደ። ዛሬ ከውድ አንባብያንና ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጋር ልንወያይበት የወደድነውም ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ፊልሙን ላላዩት ታሪኩን ባጭሩ እንናገር። ብሬት ራትነር ያዘጋጀው ይህ ፊልም የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1987 በኒው ዮርክ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ኒኮላስ ኬጅ የሚጫወተው ጃክ የተባለ ወጣት በለንደን በሚገኝ ባንክ ለአንድ ዓመት ሥራ ሊለማመድ ሲሳፈር፥ ወዳጁ ኬት ልቧ ፈርቶ፥ አትሂድ፤ ኑሯችንን ዛሬውኑ አብረን እንጀምር ብላ ትለምነዋለች። እርሱ ግን አንድ ዓመት ፍቅራችንን አይጐዳውም ብሎ ይሄዳል። ከ13 ዓመት በኋላ ጃክ በዎል ስትሪት የተከበረ የገንዘብ ሰው ሆኖ እናገኘዋለን። ውብ መኖሪያና ውድ መኪና አለው፤ ሚስትና ልጅ ግን የሉትም። በልደት ዋዜማ ሌሊት በአንድ ሱቅ ውስጥ በሎተሪ ዕጣ ምክንያት ሽጉጥ የመዘዘ እንግዳ ሰው ያጋጥመዋል፤ ጃክም ዕጣውን በመግዛት ጠቡን ያበርዳል። ያ ሰው፥ አንተስ ምን ጐደለህ? ሲለው፥ ምንም አልጐደለኝም ብሎ ይመልሳል። በማግሥቱ ጠዋት ሲነቃ ራሱን በኒው ጀርሲ በምትገኝ መጠነኛ ቤት ውስጥ፥ ከኬት አጠገብ ያገኛል። ሁለት ልጆች አሉት፤ እንጀራውም በአማቱ ሱቅ የመኪና ጐማ መሸጥ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ሳይለይ ቢቀር ኖሮ ይኖረው የነበረውን ኑሮ ይኖራል፤ እየጠላ ጀምሮ እየወደደ ይሄዳል። መውደድ በጀመረ ጊዜም ያ ሁሉ ይወሰድበትና ወደ ቀድሞ ቤቱ ይመለሳል።

በአገራችን «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። አባባሉ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ሰው የሚናፍቀው የበላበትንና የጠጣበትን፥ ያለቀሰበትንም ስፍራ ነውና። ሆኖም የሰው ልብ ይህን ሕግ የሚያፈርስበት አንድ አገር አለ፤ እርሱም ያልሄድንበት መንገድ የሚያደርስበት አገር ነው። ያችን ባገባ ኖሮ፥ ያንን ትምህርት ባልተው ኖሮ፥ ገዳም በገባሁ ኖሮ፥ አገሬን ባልለቀቅሁ ኖሮ፥ ወይም በጊዜ በለቀቅሁ ኖሮ የማይል ሰው ማን ነው? አንዱ በሌሊት ከእንቅልፉ ሲነቃ፥ ሌላው በሠርግ ቤት ተቀምጦ፥ ሌላው የጓደኛውን ፎቶግራፍ ሲመለከት ይህን አገር ይጐበኛል። ሁላችንም የየራሳችን የአውሮፕላን ማረፊያ አለን፤ እዚያም የመለስነው ወይም ያልመለስነው አንድ ቃል አለን። ፊልሙ የተመልካቹን ሁሉ ልብ የሚነካው ስለዚህ ነው።

በቅድሚያ የፊልሙን መልካም ጐን እንመስክር። በሐሳባችን የምንሥለው ያልኖርነው ሕይወት ዘወትር ድካም የሌለበት ነው። ያላገባናት ሴት አትቆጣም፤ ያልተማርነው ትምህርት አያደክምም፤ ያልሄድንበት አገር ብርድ የለውም። ፊልሙ ግን ሌላውን ሕይወት ከነዕዳው ያሳያል። ጃክ የሕፃን መጠቅለያ መለወጥ አያውቅም፤ ኑሮው ጠባብ ይሆንበታል፤ በሱቅ ውስጥ ውድ ልብስ ለብሶ በመስተዋት ራሱን ሲያይ፥ ያጣውን ክብር አስታውሶ ከኬት ጋር ይጣላል። ኬትም ብትሆን በሥራና በቤት ጣጣ የምትደክም ሴት ናት። እንዲህ ሆኖም ያ ኑሮ ሊወደድ የሚገባው እንደ ነበር ያስተምረናል። ደስታ ከችግር ጋር በአንድ ጣራ ሥር ሊያድር እንደሚችል መናገሩ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ፊልሙ ሳያነሣው ያለፈ አንድ ጉዳይ አለ። ጃክ የተሰጠው ፍሬውን ነው፤ ፍሬውን ያበቀሉት 13 ዓመታት አልተሰጡትም። ኬት የምትወደው ሰው ከእርሷ ጋር የተቸገረውን፥ ልጅ ሲታመም አብሮ ያደረውን፥ ይቅርታ የጠየቀውንና ይቅርታ የተደረገለትን ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ጃክ አይደለም፤ ጃክ በእርሱ አልጋ የተኛ እንግዳ ነው። ይህን በመጀመሪያ ያስተዋለችው ትንሿ ልጁ አኒ መሆኗ በጣም ያስደንቃል። ይህ አባቴ አይደለም፤ ከሌላ ዓለም የመጣ ነው ብላ ታስባለች፤ ከዚያም ቤቱንና ልማዱን ታስተምረዋለች። ከዚህ የምንረዳው፥ የሰው ሕይወት ከመደርደሪያ ላይ ተመርጦ እንደሚነሣ ዕቃ አለመሆኑን ነው። ሕይወት የሚሠራው ቀን በቀን ነው፤ ሠሪውም ራሱ በሚሠራው እየተሠራ ይሄዳል። ስለዚህ «ያኔ እንዲህ ባደርግ ኖሮ እኔ ዛሬ እዚያ እሆን ነበር» ስንል፥ እዚያ የሚገኘው «እኔ» ይህ የዛሬው እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባናል።

ከዚህ ፊልም አስቀድሞ የተሠራ ሌላ ታላቅ ፊልም አለ። በሲሲሊ ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ፍራንክ ካፕራ እ.ኤ.አ. በ1946 ያዘጋጀው «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» ነው፤ ትርጉሙም «ሕይወት ድንቅ ነው» እንደ ማለት ነው። ዋናው ተዋናይ ጄምስ ስትዋርት በዚህ ፊልም የተጫወተው ከጦርነት በተመለሰ ጊዜ ነበር። ፊልሙ በወጣበት ዘመን የተጠበቀውን ያህል ገበያ አላገኘም፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የባለቤትነት መብቱ ሳይታደስ ስለ ቀረ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በየልደቱ ያሳዩት ጀመር፤ በዚህም ምክንያት በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የበዓሉ አካል ሆነ። በዚህ ፊልም የምናገኘው ጆርጅ ቤይሊ የጃክ ተቃራኒ ነው። ጃክ የሄደ ሰው ነው፤ ጆርጅ ግን ዓለምን ለመዞር እየተመኘ ስለ ሌሎች ሲል በትንሿ ከተማው የቀረ ሰው ነው። አባቱ ሲሞት ለድሆች ቤት መሥሪያ የሚያበድረውን ድርጅት ተረክቦ ይቀራል፤ ወንድሙ ግን ይሄዳል። በመጨረሻም 8,000 የድርጅቱ ዶላር በአጐቱ እጅ ጠፍቶ፥ በልደት ዋዜማ ድልድይ ላይ ቆሞ ባልተወለድኩ ይላል። ያን ጊዜ ክላረንስ የሚባል መልአክ ተልኮ፥ ጆርጅ ያልተወለደበትን ዓለም ያሳየዋል። በዚያ ዓለም ወንድሙ ሃሪ በልጅነቱ በበረዶ ሥር ሰምጦ ሞቷል፤ ያወጣው የነበረው ጆርጅ አልነበረምና። ሃሪ በጦርነቱ ያዳናቸው ወታደሮችም እንዲሁ ጠፍተዋል።

ሁለቱ ፊልሞች ሰውን በሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይመረምሩታል። የጃክ ጥያቄ፥ በሌላ መንገድ ብሄድ ኖሮ እኔ ምን አገኝ ነበር? የሚል ነው። የጆርጅ ጥያቄ ደግሞ፥ እኔ በዚህ ባልገኝ ኖሮ ሌሎች ምን ያጡ ነበር? የሚል ነው። በየዕለቱ ልባችንን የሚያስጨንቀው የመጀመሪያው ሲሆን፥ ሁለተኛውን ግን ራሳችን ለራሳችን አቅርበን አናውቅም ለማለት ይቻላል። አንድ ሰው ያላገኘውን ሀብት በቀላሉ ይቈጥራል፤ ከጥፋት ያወጣውን ልጅ፥ ያስታረቀውን ጎረቤት፥ ፊደል ያስቈጠረውን ሕፃን ግን አይቈጥርም፤ መልካም ሥራ ሲፈጸም ሊመጣ የነበረውን ክፉ ስለሚያስቀር፥ የቀረው ክፉ ለዓይን አይታይምና። ስለዚህ ስለ ሕይወታችን የምናወጣው ሒሳብ ወጪው ሁሉ ተጽፎ ከገቢው ገሚሱ የጐደለበት ሒሳብ ነው።

ሊሆን ይችል የነበረውን ነገር በእውነት የሚያውቅ ማን ነው? ይህ ጥያቄ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትን ብዙ አከራክሯል። ቅዱስ ቶማስ አኵይናስ (1225–1274) እግዚአብሔር የሆነውንና የሚሆነውን ብቻ ሳይሆን ሊሆን የሚችለውን ሁሉ እንደሚያውቅ አስተማረ። እስፓኛዊው ኢየሱሳዊ ሉዊስ ደ ሞሊና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1588 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ነፃ ፈቃድ ያለው ሰው በዚህ ወይም በዚያ ሁኔታ ቢገኝ ኖሮ የሚመርጠውን ሁሉ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ይህም «መካከለኛ ዕውቀት» ነው ሲል ጻፈ። ዶሚኒካውያን ተቃወሙት፤ ክርክሩ በሮም ለዓመታት ከቀጠለ በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 5ኛ እ.ኤ.አ. በ1607 አንዱ ወገን ሌላውን እንዳያወግዝ አዝዘው፥ ማንኛውንም ወገን ሳይኮንኑ ዘጉት። በዚያ ክርክር ብዙ ጊዜ ከተጠቀሱት ምንባባት አንዱ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 23 የሚገኘው ነው። ዳዊት በቅዒላ ከተማ ሳለ፥ ሳኦል ቢመጣ የከተማው ሰዎች አሳልፈው ይሰጡኝ ይሆን? ብሎ እግዚአብሔርን ጠየቀ፤ አዎን የሚል መልስ አገኘ፤ ወዲያው ከተማይቱን ለቅቆ ወጣ። እንግዲህ አሳልፎ የመስጠቱ ነገር ከቶ አልተፈጸመም፤ ዳዊት ግን አስቀድሞ ዐወቀው።

ሊቃውንቱን ለሊቃውንት ትተን እኛ አንድ ነገር እናስተውል። ለዳዊት ሊሆን ይችል የነበረው የተገለጠለት፥ ተቀምጦ እንዲያዝንበት ሳይሆን ተነሥቶ እንዲሄድበት ነው። ጌታችንም ስለ ጢሮስና ስለ ሲዶና ሲናገር፥ በእነርሱ ዘንድ ተአምራቱ ቢደረጉ ኖሮ ንስሐ ይገቡ ነበር ያለው፥ በፊቱ ቆመው የሚሰሙት ሰዎች በዚያው ቀን እንዲመለሱ ነው። «ቢሆን ኖሮ» የሚለው ቃል በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ የሚያገለግለው ለዛሬ ሥራ ነው። ለዛሬ ሥራ የማያነሣሣን «ቢሆን ኖሮ» ግን፥ ምንም ያህል ጣፋጭ ቢሆን፥ የሚበላን ብል ነው።

አሁን ወደ እናቲቱ ጥያቄ እንመለስ። ልጆቹ የት ገቡ? በአእምሮ ብቻ ካሰብነው መልሱ ቀላል ይመስላል፤ አኒና ጆሽ በጃክ እውነተኛ ሕይወት ውስጥ ከቶ አልተፀነሱም፤ ያልነበረ ሰው ደግሞ አይበደልም። ፊልሙም እንዲሁ አድርጎ አልፏቸዋል። በሳምንቱ እኚያን እናት በግቢው ውስጥ አግኝተን ስንጠይቃቸው ግን የነገሩን ከዚህ ጠለቀ። «እኔ ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አንደኛ ወጥቼ ነበር፤» አሉን፤ «አስተማሪ ልሆን ነበር ሐሳቤ። አባቴ፥ ነፍሱን ይማረውና፥ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ዳረኝ። ለብዙ ዘመን ያቺን አስተማሪ ሳስባት ኖሬአለሁ፤ ልብሷን እንኳ ዐውቀዋለሁ። ፊልሙን ሳይ ግን ደነገጥሁ። ያቺ አስተማሪ ብትኖር የእኔ አራት ልጆች የት ይገቡ ነበር? ያ ሰውዬ ልጆቹን ሳይሰናበት ነው የነቃው።»

ይህ ንግግር ብዙ መጻሕፍት አንብበን ያላገኘነውን ብርሃን ሰጠን። ያልኖርነውን ሕይወት የሚመኝ ሰው የሚመኘው ተጨማሪ ነገር ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሳያውቅ የሚፍቀው ስም አለ። ሌላ ባል ቢሆን ኖሮ፥ ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ስንል፥ ዛሬ በስም የምንጠራቸውን ሰዎች ከመዝገቡ እየሰረዝን ነው። ልጅ በሌላ ልጅ አይተካም፤ እናት ይህን ከፈላስፋ ይልቅ ታውቃለች።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ ሊሳሳት የሚችልበት አደገኛ ስፍራ አለ። እንግዲያው ልጅቱን ከትምህርት ቤት ማስወጣት መልካም ሆኖ ተገኘ ማለት ነውን? በፍጹም አይደለም። አንድ ሥራ በደል መሆኑን መፍረድ አንድ ነገር ነው፤ ያ ሥራ ባይሆን ኖሮ ብሎ መመኘት ሌላ ነገር ነው። እኚያ እናት «በድለውኛል» ሊሉ ይችላሉ፤ እውነትም ነው። «ልጆቼን ግን ባልወለድኳቸው አልልም» ሊሉም ይችላሉ፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱ ቃላት በአንድ አፍ ሊነገሩ ይችላሉ። ከበደል መካከል መልካም ፍሬ መብቀሉ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው እንጂ የበዳዩ ጽድቅ አይደለም። የማስተዋላቸውም ማስረጃ ሦስቱን ሴቶች ልጆቻቸውን እስከ መጨረሻው ማስተማራቸው ነው፤ በራሳቸው ላይ የተፈረደውን በልጆቻቸው ላይ አልፈረዱም። ያቺ ያልኖረች አስተማሪ በዚህ መንገድ ሥራዋን ሠርታለች ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

በፊልሙ ላይ ሌላም አንድ ቅሬታ አለን። ሚዛኑ አስቀድሞ ያዘነበለ ነው፤ በአንዱ ወገን ባዶ ሀብት፥ በሌላው ወገን ሞቅ ያለ ቤት ተቀምጧል። የብዙ ሰው ምርጫ ግን እንዲህ አይደለም። ከመካከላችን ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄደው በሰው ቤት የሠሩ እኅቶች አሉ፤ የተሳፈሩት ለክብር ሳይሆን ታናናሾቻቸውን ለማስተማር፥ የእናታቸውን ቤት ጣራ ለማልበስ ነው። ሲመለሱ የትዳር ዕድሜ አልፎባቸው፥ እኩዮቻቸው ልጆች ወልደው ያገኟቸዋል። ለእንዲህ ያለችው እኅት የጃክን ፊልም አሳይቶ፥ ቤተሰብ ይበልጣል ብሎ መስበክ ጭካኔ ነው፤ እርሷ የሄደችው ለቤተሰብ ነውና። ለእርሷ የሚገባው የጆርጅ ፊልም ነው። በሰፈሯ ሲያዞሯትና የተማረውን ወንድም፥ በሕክምና የዳነችውን እናት እያሳዩ፥ አንቺ ባትኖሪ ይህ ሁሉ አልነበረም ሊሏት ይገባል። ይህን የሚነግራት መልአክ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም፤ ወንድሟ ራሱ ሊነግራት ይችላል፤ ዕዳውም የእርሱ ነው።

እንግዲህ ያለፈው ምርጫ ሲቆጠቁጠን ምን እናድርግ? ቋንቋችን ሁለት ቃላት አሉት፤ ቁጭትና ንስሐ። ቁጭት ያመለጠንን እያየ በአንድ ስፍራ ይቀመጣል፤ ንስሐ ግን ያጠፋነውን አይቶ ፊቱን ይመልሳል፥ ይራመዳልም። «ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ያሉት አበው ቁጭትን መገሠጻቸው ነው፤ ለሚመጣው ክረምት አትሥራ ግን አላሉም። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ (1491–1556) በመንፈሳዊ ልምምዶች መጽሐፉ፥ እንደ ጋብቻና እንደ ክህነት ያለ የማይለወጥ ምርጫ አንዴ ከተደረገ በኋላ እንደገና የሚመረጥ ነገር እንደሌለ ይናገራል፤ ምርጫው በትክክል ያልተደረገ ቢሆን እንኳ ሰውየው በጥፋቱ ተጸጽቶ፥ በገባበት ኑሮ ውስጥ መልካም አድርጎ እንዲኖር ይመክራል። ገና ምርጫ በፊቱ ላለው ሰው ደግሞ ራሱን በሞቱ አልጋ ላይ አድርጎ፥ ያን ጊዜ ምን መርጬ በተገኘሁ እላለሁ? ብሎ እንዲጠይቅ ያስተምራል። ይህ ደግሞ ፊልሙ ካሳየን የሚሻል እይታ ነው፤ ጃክ ወደ ኋላ እንዲያይ ተደረገ፤ ኢግናጥዮስ ግን ገና ጊዜ ሳለ ወደ ፊት እንድናይ ያደርገናል።

የፊልሙ መጨረሻም ከዚህ ምክር የራቀ አይደለም። ጃክ ወደ ቀድሞ ኑሮው ሲመለስ ኬትን ይፈልጋታል። እርሷም የተሳካላት የሕግ ባለሙያ ሆና፥ ወደ ፓሪስ ልትሄድ ዕቃዋን ስትጭን ያገኛታል። ሩጦ በአውሮፕላን ማረፊያው ይደርስባታል፤ ስላየው ቤትና ስለ ሁለቱ ልጆች ይነግራታል። የሚለምናት ግን ያን ሁሉ እንድትሰጠው አይደለም፤ በዚያች ሌሊት ሳትሳፈር አንድ ስኒ ቡና አብራው እንድትጠጣ ብቻ ነው። ፊልሙ የሚዘጋው በረዶ ውጭ ሲወርድ ሁለቱ ተቀምጠው ሲነጋገሩ በማሳየት ነው። 13ቱ ዓመታት አልተመለሱም፤ ልጆቹም አልተመለሱም። የተመለሰው አንድ ምሽት ነው፤ ያ ምሽት ግን እውነተኛ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ፊልም ለወጣቶች ብታሳዩ፥ ካበቃ በኋላ መብራቱን አብርታችሁ ሦስት ጥያቄዎች ብታነሡ መልካም ይመስለናል። እኔ ባልኖር ኖሮ ማን ምን ያጣ ነበር? የምመኘው ሌላው ሕይወት የማንን ስም ይሰርዝብኛል? በዚህ ሳምንት አብሬው ቡና ልጠጣ የሚገባኝ፥ ነገር ግን የሸሸሁት ሰው ማን ነው?

እኚያን እናት በመጨረሻ ስንሰናበታቸው፥ ፊልሙን ወደዱት ወይ? ብለን ጠይቀናቸው ነበር። ጥቂት አሰቡና፥ «ወድጄዋለሁ፤ ግን ሲነቃ ልጆቹን በስማቸው ቢጠራቸው ደስ ይለኝ ነበር» አሉን። ከዚያም የልጅ ልጃቸውን ከበረንዳው ጠርተው፥ እጁን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።